ከካርማርተን እስከ ባለሩፕ፦ የኤማ ፊኑኬን የፍጥነት ዓመታት

በታላቋ ብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዌልስ ገጠር መካከል፣ ነዋሪዎቿን ከከብት ርባታና ከወተት ምርት ጋር ያስተሳሰረች ካርማርተን የምትባል አነስተኛ የገበያ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1900 በዚህች ከተማ አንድ የሕዝብ መናፈሻ ሲከፈት፣ በውስጡ ለብስክሌት ውድድር የሚሆን ሞላላ የኮንክሪት መም አብሮ ተሠራለት። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተመለከተ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መሙ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን አልፎ፣ በየዘመኑ እየተጠገነና እየታደሰ፣ ሳይቋረጥ ሲሠራባቸው ከኖሩት የዓለም ጥንታዊ የኮንክሪት መሞች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ለተወለደች አንዲት ሴት ልጅም የመጀመሪያ መለማመጃዋ ሆነ። የኤማ ፊኑኬን የስፖርት ሕይወት በትክክል ሊተረክ የሚችለው ከዚህ መም ሲጀመር ነው፤ ምክንያቱም ልጅቷ ከመወለዷ ከመቶ ዓመት በፊት ቦታው ተዘጋጅቶ፣ ቦታውን የሚጠብቅና በየትውልዱ ልጆችን የሚያሠለጥን ማኅበረሰብም በዙሪያው በቅሎ ቆይቷል።

ለመም ብስክሌት ውድድር የሚሠራው ስፍራ ቬሎድሮም ይባላል። የዛሬው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ቬሎድሮም ጣሪያ ያለው አዳራሽ ሲሆን፣ ዙሪያው 250 ሜትር፣ ወለሉ በቀጫጭን የጥድ ጣውላዎች የተነጠፈ፣ ሁለቱ መታጠፊያዎቹም ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ ናቸው፤ በእግር ለመውጣት የሚሞክር ሰው የሚንሸራተትበትን ይህን ተዳፋት ብስክሌተኛው ሳይወድቅ የሚያልፈው ፍጥነቱ ራሱ ወደ ጣውላው ስለሚያጣብቀው ነው። ብስክሌቱም ከመንገድ ብስክሌት ይለያል። ፍሬን የለውም፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ካቴናው ከኋላ ጎማ ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ አብሮ ይዞራል፣ ጋላቢውም እግሩን ለአፍታ ማሳረፍ አይችልም። ለማዘግየት የሚቻለው በእግር ኃይል ፔዳሉን ወደ ኋላ በመቋቋም ወይም ወደ ተዳፋቱ አናት በመውጣት ብቻ ነው።

በዚህ መም ላይ የሴቶች ስፍራ የተከፈተው በጣም ዘግይቶ ነበር። የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1893 ሲሆን፣ በ1896 በአቴና በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክም የመም ብስክሌት ውድድር ነበረ፤ ሴቶች ግን የዓለም ሻምፒዮና የተዘጋጀላቸው በ1958 በፓሪስ ነው፤ በዚያም የአጭር ርቀት ፍጥነት ውድድሩን የሶቪየት ኅብረቷ ጋሊና የርሞላዬቫ አሸነፈች። ወደ ኦሊምፒክ ለመግባት ደግሞ ሌላ ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አስፈለገ። በ1988 በሴኡል የሴቶች የመም ፍጥነት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ኢስቶኒያዊቷ ኤሪካ ሳሉሜ ለሶቪየት ኅብረት ተሰልፋ ወርቅ ወሰደች፤ ከአራት ዓመት በኋላ በባርሴሎና ደግሞ ነፃነቷን መልሳ ባገኘችው አገሯ በኢስቶኒያ ስም ይህንኑ ድል ደገመችው። ሌሎቹ ሁለት የፍጥነት ውድድሮች፣ ማለትም ኪሪንና የቡድን ፍጥነት ውድድር፣ ለሴቶች በኦሊምፒክ የተፈቀዱት በ2012 በለንደን ነው። እንግዲህ ካርማርተን መሟን ከሠራች በኋላ አንዲት ሴት በመም ላይ በኦሊምፒክ ለመወዳደር መብት እስክታገኝ 88 ዓመታት ማለፋቸው ሊዘነጋ የሚገባው ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ በብስክሌት ወደ ዓለም መድረክ የወጣችው በዚሁ ረጅም ዘመን መካከል ነው። በ1949 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያኑ በ1956፣ አገሪቱ በሜልበርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር፤ ቡድኑም በጎዳና ውድድር በቡድን ውጤት 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ ጅማሬ ከስድሳ ዓመት በኋላ ፅጋቡ ግርማይን በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስከ ማድረግ ቢደርስም፣ የኢትዮጵያ ብስክሌት ታሪክ የጎዳና ታሪክ ሆኖ ነው የቀጠለው። ከባሕር ዳር ወደ አዴትና ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ወይም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ጎዳናዎች ላይ ብስክሌት የሚነዳ ወጣት የሚያውቀው ውድድር አስፋልት ላይ የሚደረገውን፣ ረጅም ትንፋሽ የሚጠይቀውን ውድድር ነው። በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቀው የመም ፍጥነት ለአብዛኛው አማርኛ አንባቢ እንግዳ የሆነውም ችሎታው ስለጎደለ ሳይሆን መሙ ስላልነበረ መሆኑን እዚህ ላይ ማስገንዘብ ተገቢ ነው።

ኤማ ፊኑኬን በካርማርተን የተወለደችው ዲሴምበር 22 ቀን 2002፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ የመም ብስክሌት በታሪኩ ታላቅ በሆነው ለውጥ ላይ ነበር። በ1994 በማንችስተር ከተማ ባለ ጣሪያ ቬሎድሮም ተከፍቶ ለብሔራዊ ቡድኑ ቋሚ ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ከብሔራዊ ሎተሪ የሚገኘው ገንዘብ ለኦሊምፒክ ስፖርተኞች መደገፊያ መመደብ ሲጀምር፣ ብስክሌተኞች ኑሯቸውን ለማሸነፍ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሥልጠና ማዋል ቻሉ። የዚህ ውጤት በ2008 በቤጂንግ ታየ፤ በመም ላይ ከቀረቡት 10 የወርቅ ሜዳሊያዎች 7ቱን ብሪታንያ ስትወስድ፣ የሴቶቹን የፍጥነት ውድድር ቪክቶሪያ ፔንድልተን አሸነፈች። ፊኑኬን በዚያን ጊዜ ገና ስድስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ታዊ ራይደርስ በሚባለው የከተማዋ የብስክሌት ክለብ ገብታ በዚያው አሮጌ የኮንክሪት መም ላይ መለማመድ ጀመረች። የካርማርተን መም ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ሲዘንብ ይረጥባል፣ ነፋስም በአንደኛው ቀጥታ ከፊት እየገፋ በሌላኛው ከኋላ ይነዳል፤ ተዳፋቱም ከዘመናዊዎቹ መሞች አንጻር ገር ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ለመማር የሚያስፈልገውን ዋና ነገር፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ላይ ሳይፈሩ መቀመጥንና ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን ተጠግቶ መንዳትን፣ በሚገባ ያስተምራል። በክለቡ የሚያሠለጥኑት ሰዎች የአካባቢው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም የዓለም ሻምፒዮን ማውጣት ሳይሆን ልጆችን ማጫወትና ማስተማር ነበር። ይህ ነጥብ በስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል፤ ታላላቅ ተቋማት ተሰጥኦን መርጠው ያሳድጉ ይሆናል እንጂ መጀመሪያ አግኝተው ብስክሌት ላይ የሚያስቀምጡት እንዲህ ያሉት የከተማ ክለቦች ናቸው።

ልጅቷ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች የመም ፍጥነት ውድድር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ዓለምን ያስደነገጠ አደጋ ደረሰ። በኪርጊዝስታን ተወልዳ በጀርመን ያደገችውና በ2012 በቡድን፣ በ2016 በግል የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደችው፣ 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ክሪስቲና ፎግል፣ ጁን 26 ቀን 2018 በኮትቡስ መም ላይ በልምምድ ላይ እያለች በከፍተኛ ፍጥነት ከሌላ ብስክሌተኛ ጋር ተጋጭታ አከርካሪዋ ተጎዳ፣ ከዚያም በኋላ በእግሯ መሄድ አልቻለችም። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ፍሬን በሌለው ብስክሌት የሚከንፉ ሴቶች ሁሉ ሊደርስ የሚችለውን እያወቁ ነው ወደ መሙ የሚወጡት። የፎግል ጉዳት ጀርመንን የፍጥነት ንግሥቷን ቢያሳጣትም፣ ሊያ ፍሪድሪሽና ኤማ ሂንትሰ የተባሉ ወጣቶች ቦታዋን ተክተው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ፊኑኬን በየውድድሩ የምትጋፈጠውን ኃያል ቡድን መሠረቱ።

ፊኑኬን በወጣቶች ውድድር ያሳየችው ፍጥነት ወደ ማንችስተሩ ብሔራዊ ማሠልጠኛ አስገባት። የፍጥነት ብስክሌተኛ ሥልጠና ምን እንደሚመስል መግለጽ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያውያን ከሚያውቁት የረጅም ርቀት ሩጫ ሥልጠና ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ነው። ሯጩ ለሰዓታት የሚቆይ ዝግተኛ ድካምን ለመቋቋም ልቡንና ሳንባውን ሲያለማ፣ የፍጥነት ብስክሌተኛዋ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚበቃ ከፍተኛ ኃይል ለማመንጨት ፈጣን የጡንቻ ክሮቿን ታጎለብታለች፤ የሳምንቷን ሰፊ ክፍል በብረት ማንሻ ክፍል ከባድ ክብደት በትከሻዋ ተሸክማ ቁጭ ብድግ በማለት ታሳልፋለች። በመም ላይ የምታደርገው ልምምድም በቁጥር ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሏ ከነዳች በኋላ ጡንቻዋ እስኪያገግም ረጅም ጊዜ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትደግማለች። ተመልካች ዕረፍት የሚመስለው ይህ መቀመጥ ከሥልጠናው ሊነጠል የማይችል ክፍል ነው።

ወደ ዋናው ቡድን በተቀላቀለችበት ጊዜ የብሪታንያ ሴቶች ፍጥነት ቡድን በችግር ላይ ነበር። የቡድን ፍጥነት ውድድር ማለት የአንድ አገር ብስክሌተኞች ከቆሙበት ተነሥተው በአንድ መስመር ተከታትለው የሚከንፉበት ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ አንድ ዙር መርታ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሁለተኛዋ ሁለተኛውን ዙር ትመራለች፣ የመጨረሻዋ ብቻዋን ትጨርሳለች፤ ሰዓቱም የሚያዘው የመጨረሻዋ ስትገባ ነው። ከኋላ ያሉት ከፊተኛዋ ጀርባ ተጠግተው ከነፋሱ ስለሚከለሉ ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። ውድድሩ ለሴቶች መጀመሪያ የተፈቀደው በሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ግን እንደ ወንዶቹ ሦስት ሆኑ። ብሪታንያ ለ2016ቱ የሪዮም ሆነ ለቶኪዮው ኦሊምፒክ በዚህ ውድድር የሴት ቡድን ማሳለፍ አልቻለችም ነበር። ይህን ለማስተካከል ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ፣ በብስክሌተኝነት ዘመኗ በቡድን ፍጥነት የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን አውስትራሊያዊቷን ካርለ ማክሎክን በአሠልጣኝነት መቅጠር ነው። ማክሎክ ይህን ውድድር ራሷ ተወዳድራ ያሸነፈች በመሆኗ፣ ለወጣቶቹ የምትነግራቸው ነገር ሁሉ በሥጋዋ የተፈተነ ነበር።

የፊኑኬን ስም በሰፊው የተሰማበት የመጀመሪያው ዓመት 2022 ነው። በዚያ ክረምት በበርሚንግሃም በተዘጋጀው፣ የመም ብስክሌቱ ግን በለንደን በተካሄደው የጋራ ብልጽግና አገሮች ጨዋታ፣ ለትውልድ አገሯ ለዌልስ ተሰልፋ በቡድን ፍጥነት ነሐስ ካገኘች በኋላ በግሏም ነሐስ ጨመረች፤ በግል ውድድሩ ወርቁን የወሰደችው የኒውዚላንዷ ኤሌስ አንድሩስ ነበረች፣ ስሟም በዚህ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል። በጥቅምቱ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በፓሪስ አቅራቢያ በሳን ካንታን አን ኢቭሊን ቬሎድሮም የብሪታንያ ቡድን ሦስተኛ ሆነ። ያ አዳራሽ ከሁለት ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ መም እንዲሆን የተመረጠ በመሆኑ፣ የዚያ ቀን ነሐስ ለቡድኑ የቦታውን ጠባይ የመማሪያ አጋጣሚም ነበር።

ታላቁ ድል በኦገስት 2023 በግላስጎው መጣ። በብስክሌተኛው በክሪስ ሆይ ስም በተሰየመው ቬሎድሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ብሪታንያ በቡድን ፍጥነት ከጀርመን ቀጥላ ብር አገኘች፤ ከዚያ የግል ፍጥነት ውድድሩ ተከተለ። ይህ ውድድር ከሁሉም የመም ውድድሮች የላቀ ብልሃት የሚጠይቅ ነው። ሁለት ብስክሌተኞች ብቻ ሦስት ዙር ይነዳሉ፤ ሰዓት አይቆጠርም፣ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል፤ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ከሦስት ግጥሚያ ሁለቱን ያሸነፈ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ በዝግታ ያልፋል፤ ፊት ያለችው አንገቷን አዙራ ኋላዋን እያየች፣ ኋላ ያለችው ከተዳፋቱ አናት እያደባች፣ ማን ቀድሞ እንደሚፈነዳ ይጠባበቃሉ። ጉግስ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ኋላ ያለው አባራሪ ነው፣ ፊተኛው ግን መቼ እንደሚመታ ገምቶ ፈረሱን በወቅቱ ካላዞረ ይቀደማል። በፊት መሆን ነፋሱን መጋፈጥ ነው፤ በኋላ መሆን ደግሞ ከነፋሱ ተከልሎ መጨረሻው ላይ ለመቅደም ዕድል ይሰጣል፣ ሆኖም አንድ አፍታ ከዘገዩ የማይደረስበት ርቀት ይከፈታል። በፍጻሜው ፊኑኬን የጀርመኗን ሊያ ፍሪድሪሽን አሸነፈች። ዕድሜዋ 20 ዓመት ነበር፤ ከብሪታንያ ሴቶችም ከ2013 በኋላ ይህን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። የ2013ቱ ሻምፒዮን ቤኪ ጄምስም የዌልስ ተወላጅ መሆኗ በአጋጣሚ ብቻ ሊታለፍ የሚገባው አይመስልም፤ ትንሿ ዌልስ በየትውልዱ ብስክሌተኞችን ያወጣችው እንደ ካርማርተኑ ያሉ መሞቿንና የከተማ ክለቦቿን ስለጠበቀች ነው።

የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብስክሌተኛ በደረቱ ዙሪያ አምስት ቀለማት ያሉበት፣ የቀስተ ደመና መለያ የሚባል ነጭ ሹራብ ለአንድ ዓመት በውድድሩ የመልበስ መብት ያገኛል። ፊኑኬን ማዕረጉን እንደያዘች በጃንዋሪ 2024 በኔዘርላንዷ አፔልዶርን የአውሮፓን የፍጥነት ሻምፒዮናም አሸነፈች፤ በዚህም ለፓሪስ ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ ከወርቅ ተጠባቂዎቹ ግንባር ቀደም አንዷ ሆነች። በቡድኑ ውስጥ ከእሷ ጋር የሚሰለፉት ሁለት ሴቶች ወደ መሙ የመጡት በሌላ በሌላ መንገድ ነበር። ካቲ ማርቻንት ቀድሞ ሰባት የአትሌቲክስ ዓይነቶች የሚጣመሩበት የሄፕታትሎን ተወዳዳሪ ነበረች፣ ወደ ብስክሌት ተሻግራ በሪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘች፣ ኋላም ልጅ ወልዳ ተመለሰች። ሶፊ ኬፕዌል ደግሞ በፓራሊምፒክ የተወዳደረ ብስክሌተኛ ልጅ ስትሆን፣ አባቷን በ2021 በሞት አጥታለች። የቡድኑ ሥራ ክፍፍልም በተፈጥሯቸው ላይ የተመሠረተ ነበር፦ ማርቻንት ከቆሙበት በመፈንዳት ትጀምራለች፣ ኬፕዌል ታፈጥናለች፣ ፊኑኬን ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው መስመር ትሸከማለች።

ኦገስት 5 ቀን 2024፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በዚያው በሳን ካንታን አዳራሽ የቡድን ፍጥነቱ ተካሄደ። በዚያች ምሽት የዓለም ክብረ ወሰን በተደጋጋሚ ተሰበረ፤ አንዱ ቡድን ያሻሻለውን ሌላው መልሶ እያሻሻለ፣ በመጨረሻ ብሪታንያና ኒውዚላንድ ለወርቅ ተፋጠጡ። ብስክሌቱ የኋላ ጎማውን ቆንጥጦ ከያዘው የመነሻ ማሽን ሲለቀቅ ማርቻንት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መሪውን ወደ ራሷ እየሳበች፣ ሙሉ ክብደቷን በፔዳሉ ላይ ጫነች፤ ሁለቱ ጓደኞቿም ጎማቸውን ከፊተኛው ጎማ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት አስከትለው ተነሡ። ፊኑኬን ብቻዋን የመጨረሻውን ዙር ስትጨርስ ሰዓቱ 45.186 ሰከንድ አሳየ፤ ይህም አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሆን፣ ከቆሙበት ተነሥተው 750 ሜትርን በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ጥቂት በቀረው ፍጥነት ጨርሰዋል ማለት ነው። ብሪታንያ በዚህ ውድድር በሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሁለት ኦሊምፒኮችን ከበር የተመለሰው ቡድን በሦስተኛው ሻምፒዮን ሆነ።

ከሦስት ቀን በኋላ የኪሪን ፍጻሜ ተደረገ። ኪሪን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 በጃፓን ለውርርድ የተጀመረ ውድድር ነው፤ ስድስት ያህል ብስክሌተኞች ቀስ በቀስ ፍጥነቱን እየጨመረ ከሚመራቸው ሞተር ብስክሌት ኋላ ተሰልፈው ይነዳሉ፣ ሞተሩ ሦስት ዙር ሲቀር ከመሙ ሲወጣ ሁሉም በአንድነት ይፈነዳሉ፣ ትከሻ ለትከሻም ይጋፋሉ። ኤሌስ አንድሩስ አንደኛ፣ የኔዘርላንዷ ሄቲ ፋን ደ ቮው ሁለተኛ፣ ፊኑኬን ሦስተኛ ሆኑ።

በዚያው ኪሪን ከተሰለፉት መካከል ናይጄሪያዊቷ ኤሴ ኡክፐሰራዬ ነበረች፣ ታሪኳም ለአፍሪካ አንባቢ ከሜዳሊያዎቹ ያላነሰ ቁም ነገር ይዟል። ወደ ፓሪስ የሄደችው ለጎዳና ውድድር ነበር፤ በመጨረሻ ሰዓት በመም ላይም እንድትወዳደር ዕድል ሲሰጣት የመም ብስክሌት አልነበራትም። የጀርመን ቡድን ብስክሌት አበደራት፤ በእሱም በኪሪንና በግል ፍጥነት ተወዳድራ በኦሊምፒክ የመም ብስክሌት የተሳተፈች የመጀመሪያዋ ናይጄሪያዊት ሆነች። በአንድ በኩል ከሕፃንነቷ ጀምሮ መም፣ ክለብ፣ አሠልጣኝና ብሔራዊ ማሠልጠኛ የነበራት የካርማርተን ልጅ፣ በሌላ በኩል ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በሰው ብስክሌት የቀረበች አፍሪካዊት በአንድ ጣውላ ላይ መሰለፋቸው፣ በዚህ ስፖርት ያለው ልዩነት ከእግር ጉልበት በፊት ከየት እንደሚጀምር በግልጽ ያሳያል። የኡክፐሰራዬ ድፍረት ሊከበር ይገባዋል፤ ብድር እንድትጠይቅ ያስገደዳት ሁኔታ ግን ሊከበር አይገባውም።

የግል ፍጥነት ውድድሩ የሚጀምረው በማጣሪያ ሲሆን፣ ይህም እያንዳንዷ ብስክሌተኛ ብቻዋን አስቀድማ ፍጥነት ሰብስባ የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች በሰዓት የምትለካበት ነው። ብስክሌተኛዋ በተዳፋቱ አናት ላይ እየዞረች ፍጥነቷን ታሳድጋለች፣ ከዚያም ከከፍታው ወደ ውስጠኛው ጥቁር መስመር ቁልቁል ትወረወራለች፤ በዚያች ቅጽበት እግሮቿ በደቂቃ ከ130 ጊዜ በላይ ይሽከረከራሉ። በዚህ ፍጥነት ከሚያጋጥማት ተቃውሞ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው የአየር ነው፤ ስለዚህም አየሩ የሳሳበት ከፍተኛ ቦታ ለክብረ ወሰን ይመረጣል። ክሪስቲና ፎግል በ2013 ሰዓቷን ያሻሻለችው በሜክሲኮዋ አጓስካሊየንቴስ፣ የካናዳዋ ኬልሲ ሚቸል በ2019 10.154 ሰከንድ ያስመዘገበችው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ነው። አዴትና ቡሬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚገኙ በመሆናቸው አየራቸው ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የጎጃም ደጋ የረጅም ርቀት ሯጮችን ሳንባ በመፈተን የሚታወቅበት ይኸው የአየር መሳሳት፣ ለመም ፍጥነት ብስክሌተኛ በተቃራኒው ከፊቷ ያለውን ግድግዳ የሚያሳሳ ጸጋ ይሆን ነበር። በፓሪስ የሆነው ግን ሁሉንም አስገረመ፦ ዝቅተኛ በሆነው በዚያ ሜዳማ አገር ፍሪድሪሽ በ10.029 ሰከንድ የሚቸልን ክብረ ወሰን ሰበረች፣ ፊኑኬንም በ10.067 ተከተለቻት። የሁለቱም ፍጥነት በሰዓት ከ71 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

በማጣሪያ ሁለተኛ የሆነችው የዓለም ሻምፒዮን ወርቁን ትወስዳለች ተብሎ ቢጠበቅም፣ በግማሽ ፍጻሜው ኤሌስ አንድሩስን አገኘች። አንድሩስ በዚያ ሳምንት የሚያቆማት አልተገኘም ነበር፤ ፊኑኬን ተሸነፈች። የፍጥነት ውድድር ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፤ ወርቅ ያመለጠው ሰው ሐዘኑን ሳይጨርስ በዚያው ቀን ለነሐስ ይጠራል። ኦገስት 11 ቀን፣ የኦሊምፒኩ የመጨረሻ ዕለት፣ ፊኑኬን ሄቲ ፋን ደ ቮውን አሸንፋ ነሐሱን ወሰደች፤ በፍጻሜው ደግሞ አንድሩስ ፍሪድሪሽን ረታች። ፊኑኬን በመጀመሪያ ኦሊምፒኳ፣ በ21 ዓመቷ፣ አንድ ወርቅና ሁለት ነሐስ ይዛ ተመለሰች፤ ሜሪ ራንድ በ1964 በቶኪዮ በርዝመት ዝላይ ወርቅ፣ በፔንታትሎን ብር፣ በዱላ ቅብብል ነሐስ ካገኘች ወዲህ፣ በአንድ ኦሊምፒክ ሦስት ሜዳሊያ የወሰደች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት ሴት እሷ ሆነች።

ከኦሊምፒክ በኋላ ብዙ ብስክሌተኞች ለረጅም ጊዜ ያርፋሉ፤ ሰውነትም መንፈስም ይዝላልና። ይሁን እንጂ ከሁለት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2024፣ በዴንማርኳ ባለሩፕ የዓለም ሻምፒዮና ሲከፈት ማርቻንት፣ ኬፕዌልና ፊኑኬን እንደገና አብረው ተሰልፈው የቡድን ፍጥነቱን የዓለም ማዕረግ ወሰዱ። በግል ፍጥነቱ ፍጻሜ ፊኑኬን የገጠመችው በፓሪስ ለነሐስ የተፎካከረቻትን ፋን ደ ቮውን ነበር፤ አሁንም አሸንፋት የግላስጎውን ማዕረጓን አስጠበቀች። ቪክቶሪያ ፔንድልተን በዘመኗ ማዕረጉን በተከታታይ ዓመታት ከያዘች ወዲህ ይህን የደገመች ብሪታንያዊት አልነበረችም። ቡድኑ ግን ያንን ዓመት ያለ ጉዳት አልጨረሰም፤ ማርቻንት በዓመቱ መጨረሻ በለንደን በተደረገ ውድድር ላይ ከመሙ ተወርውራ ክንዷ ተሰበረ።

ፊኑኬን 22ኛ ዓመቷን የደፈነችው የሁለት ጊዜ የዓለም የግል ፍጥነት ሻምፒዮን፣ የኦሊምፒክ የቡድን ሻምፒዮንና የክብረ ወሰን ባለቤት ሆና ነው። ቀጣዩ ኦሊምፒክ በ2028 በሎስ አንጀለስ የሚካሄድ ሲሆን፣ የመም ውድድሩ በካርሰን ቬሎድሮም ሲከፈት ዕድሜዋ ገና 25 ይሆናል፤ በፓሪስ ያመለጣት የግል ወርቅም በዚያ ይጠብቃታል።